ጅራቱ የተቆረጠው ምላሽ

ስልኩ ሲጮህ ወይዘሪት ቆይ ጃኬቷን ገና አውልቃ አልጨረሰችም። አንድ እጇ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ አነሳችው።

«ያ ፕሮግራማችሁ ዛሬ ሞቷል» አለች ታላቅ እህቷ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«እንዴት አደርሽ እትዬ።»

«እንዴት አደርሽን ተይው። ከላቦራቶሪው አንድም ውጤት አልገባልኝም። ትእዛዙን እጽፍለታለሁ፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ‹ስህተት› ይልና ጭጭ። የምን ስህተት? የማን ስህተት? ምናለ እንደ ሰው ቢናገር?»

«ቆይ፣ እኔም እዚህ ልሞክረው።»

«ፈጠን በይ ሚጣ። ማቀዝቀዣዬ ሙሉ ነው፣ ግን አንዲት ከረጢት ማውጣት አልችልም።»

እህቷ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የደም ባንክ ኃላፊ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ታናሿን ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ የቤት ሥራዋን እያረመች ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች፣ ዛሬም ድረስ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ «ሚጣ» ነው የምትላት። «ወይዘሪት ቆይ» የሚለውን ስም ያወጡላት ደግሞ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ሁሉም «በቃ፣ ይለቀቅ» ባለበት ሰዓት እጇን አንስታ «ቆይ፣ ቆይ» የምትለው እሷ ናትና። መጀመሪያ እየቀለዱባት ነበር፤ እያደር ግን የእውነት ስሟን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆነ።

ቢሮው ባረጀ ፎቅ አናት ላይ ያለ፣ በአንድ በኩል ፀሐይ የሚያቃጥለው በሌላው በኩል ብርድ የሚገባው ክፍል ነው። ሥራቸው ሆስፒታሎች ከማዕከላዊው የደም ላቦራቶሪ ውጤት የሚቀበሉበትን ፕሮግራም መሥራት ነው። አንድ ሰው ደም ከለገሰ በኋላ ከረጢቱ ወደ ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ፣ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል። ላቦራቶሪው «ይህ ከረጢት ከበሽታ ነፃ ነው» የሚል ውጤት እስኪልክ ድረስ ከረጢቱን ማንም አይነካውም። ፕሮግራሙ ሥዕልም ቁልፍም የለውም፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት ይሠራል፣ ሲጨርስ ዝም ይላል።

ላቦራቶሪው የሚልከው እያንዳንዱ ፋይል የላኪው ኮምፒውተር ፊርማና ዲጂታል ሰርተፍኬት አለበት። ሰርተፍኬቱ እንደ መታወቂያ ነው። ችግሩ የተሰረቀ መታወቂያ ፊቱ ላይ «ተሰርቄያለሁ» ብሎ አይጽፍም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፋይሉን ከመቀበሉ በፊት ሰርተፍኬቱን የሰጠውን ድርጅት በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ «ይህ ሰርተፍኬት ዛሬም ይሠራል ወይ?» ድርጅቱም ከሦስት አንዱን ይመልሳል፤ ይሠራል፣ ተሽሯል፣ ወይም አላውቀውም።

ወይዘሪት ቆይ ጃኬቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ትእዛዙን ጻፈች። ስህተት። ደግማ ጻፈች። አሁንም ስህተት። ከዚያ ፕሮግራሙን ወደ ጎን ትታ ድርጅቱን ራሷ ጠየቀችውና የመጣውን ምላሽ እንዳለ ማያዋ ላይ ዘረጋችው።

የመጣው ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። ምላሹ መጀመሪያው ላይ «ርዝመቴ ይህን ያህል ነው» ይላል፤ ነገር ግን ያን ያህል አይደለም። መሃሉ ላይ ተቆርጧል። የድርጅቱ ፊርማ ያረፈበት መጨረሻው ጭራሽ የለም። ፕሮግራሙም፣ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን የቀረ መስሎት አየር እንደሚረግጥ ሰው፣ የሌለውን ጅራት ሊያነብ ሲል ተንደርድሮ ይወድቃል።

«አገኘሽው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የቡድኑ መሪ ነበር። ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠረው፤ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ግን ሁሉም በቀልድም በቁም ነገርም «አለቃ» ይለዋል። የስክሪብቶውን ክዳን እያኘከ ማያዋን አጎንብሶ አየ።

«ምላሹ ተቆርጦ ነው የሚመጣው» አለችው። «ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ጋ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።»

«እሺ፣ ታዲያ ቀላል ነው። ለሙከራ ያስገባነው ‹ሳትጠይቅ ተቀበል› የሚል አማራጭ አለ አይደል? ለሆስፒታሎቹ ሁሉ መልእክት እንላክ። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ እሱን ይጨምሩ፣ ሥራቸውን ይሥሩ፣ እኛ እስከዚያ እናስተካክለዋለን።»

«ቆይ።»

«አውቄው ነበር» አለ አለቃ፣ ክዳኑን ከአፉ አውጥቶ።

«ስማኝ። መንገድ ላይ ቆሞ ምላሽ የሚያበላሽ ክፉ ሰው ቢኖር የትኛውን ምላሽ የሚያበላሽ ይመስልሃል? ‹ይሠራል› የሚለውን? እሱን ምን አደከመው! የሚያበላሸው ‹ተሽሯል› የሚለውን ነው። እኛ ደግሞ የተበላሸውን ሁሉ እንደ ደህና ከቆጠርን በሩን ከፍተን ‹ግባ› አልነው ማለት ነው።»

«ክፉ ሰው የለማ! ሰርቨራቸው ታሞ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ግን ከዚህ ሆነን አናውቅም።»

አለቃ መልስ ሊሰጣት ሲል ስልኳ እንደገና ጮኸ። እህቷ ናት፤ አሁን ድምፅዋ ወርዷል። ድምፅዋ ሲወርድ ነገሩ የባሰ እንደሆነ ወይዘሪት ቆይ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

«ማዋለጃ ክፍል አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ነው። የደም ዓይነቷ እንደ ልብ የማይገኝ ነው። የተመረመረ የነበረኝን ሰጥቻለሁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሎች ከረጢቶች አሉ፣ ውጤታቸው ግን እናንተ ጋ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ክፈችልኝ።»

«እትዬ፣ ቆይ፣ ትንሽ ብቻ…»

«ቆይ፣ ቆይ! ደም ይቆያል እንዴ? የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ሆስፒታል ደውላ ጠይቃ ነበር፤ ሳይጠይቅ የሚቀበልበት መንገድ አለው አሉ። ምንድነው የሚጻፈው? ንገሪኝና ልጻፈው።»

ወይዘሪት ቆይ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ብትነግራት ውጤቱ ወዲያው ይገባል። ባትነግራትስ፣ በዚህ መሃል ያቺ እናት አንድ ነገር ብትሆንስ? ከዚያ በኋላ እህቷን በምን ዓይኗ ታያታለች?

«አልነግርሽም» አለች። «ግን ስሚኝ። ላቦራቶሪው በዓይኑ እያየ ሊያነብልሽ ይችላል። ግድግዳሽ ላይ በተለጠፈው ስልክ፣ ሰው በላከልሽ ሳይሆን አንቺ በምታውቂው ቁጥር ደውይላቸው። እነሱ የከረጢቱን ቁጥርና ውጤቱን ያንብቡልሽ፣ አንቺ መልሰሽ አንብቢላቸው፣ አጠገብሽ ሌላ ሰው ቆሞ ይስማ። ለዚያች እናት የሚሆኑት ጥቂት ከረጢቶች ናቸው። የእነሱን ብቻ።»

«ለእኔ ሥራዬን ታስተምሪኛለሽ?»

«እትዬ፣ በእናት!»

ስልኩ ተዘጋ።

አለቃ የሰማውን እንዳልሰማ ለማስመሰል ወደ መስኮቱ ዞሯል። ትንሽ ቆይቶ ስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እሺ» አለ። «ለሆስፒታሎቹ ሁሉ እኔ እደውላለሁ። ለአጣዳፊው ላቦራቶሪው በስልክ ያንብብላችሁ፣ ለቀረው እስከ ምሳ ታገሡ እላቸዋለሁ። ስድቡን እኔ እቀበልልሻለሁ። አንቺ ጻፊ።»

መጻፍ ከመጀመሯ በፊት ግን ወደ ሰርተፍኬት ሰጪው ድርጅት ደወለች። ያነሳው ሰውዬ ቁርስ ላይ የነበረ ይመስላል፤ እያላመጠ ነው የሚያወራው።

«የእኛ ሰርቨሮች በሙሉ ጤነኛ ናቸው» አላት። «አሁን እያየሁት ነው። ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«ምላሹ ግን ተቆርጦ ነው የሚደርሰን።»

«ሊሆን አይችልም እህቴ። አረንጓዴ ነው እያልኩሽ።»

«አረንጓዴነቱ ለእርስዎ ነው ወንድሜ። እኛ ጋ ሲደርስ ጅራት የለውም። የደረሰንን እንዳለ ልላክልዎትና በዓይንዎ ይዩት።»

ላከችለት። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና ኮዱን ከፈተች።

የፕሮግራሙን ያንን ክፍል ከዓመታት በፊት የጻፈው ማን እንደሆነ ማንም አያስታውስም፤ ማንም ይሁን ማን ግን ዓለም ሁልጊዜ በሥርዓት የሚመልስ መስሎት ነበር። ይሠራል ካለ ተቀበል፣ ተሽሯል ካለ አትቀበል፣ አላውቀውም ካለ አትቀበል። ምላሹ ራሱ የተበላሸ እንደሆነስ? ለዚያ ቦታ አልተተወለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረገችው ቦታ መስጠት ነበር። ፕሮግራሙ ምላሹን ከማመኑ በፊት ርዝመቱን ይለካል፣ መዝጊያው መኖሩን ያያል፣ ፊርማውን ይመረምራል፣ የተጠየቀውን ሰርተፍኬት የሚመለከት መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ያጣራል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አይወድቅም፣ አይቀበልምም። «የመጣው ምላሽ አይነበብም» ብሎ ይይዘውና ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ሌላ መንገድ ደግሞ ነበረ። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ውስጥ ሁለት የመጠየቂያ አድራሻ ተጽፏል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ላይ እየሞተ ስለነበር ሁለተኛውን አንኳኩቶት አያውቅም። በተጨማሪም ድርጅቱ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የሰጣቸው ደህና ምላሾች ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ የሚያገለግሉበት ጊዜ ገና አላበቃም። ወይዘሪት ቆይ ትንሽ አሰበችና የተቀመጠውን ምላሽ አስቀደመች። ፈጣን ነው፤ ከማንም ጋር አያነታርክም።

እየጻፈች በየመሃሉ ስልኳን ታያለች። ከእህቷ ምንም የለም። አንድ ጊዜ ሲጮህ እሷ ናት ብላ አነሳችው፤ የስልክ ኩባንያው ማስታወቂያ ነበር። ስልኩን በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው።

አለቃ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ በመጨረሻ ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ። ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ትናንት ደህና የነበረ ሰርተፍኬት ዛሬ ጠዋት ቢሻርስ? የተቀመጠው ምላሽ እኮ ‹ደህና ነው› ይላል፤ የሚልሽ ትናንትን ነው።»

ጣቷን ከቁልፍ ሰሌዳው አነሳች። ልክ ነው። ራሷ ከሁሉም በላይ የምትፈራውን ነገር በገዛ እጇ አስገብታዋለች። አለቃን ቀና ብላ አየችው።

«‹ቆይ› ልትለኝ ፈልገህ ነው አይደል?»

«ኧረ እኔ የሰው ስም አልወስድም» አለ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። መጀመሪያ ሁለተኛው አድራሻ ይጠየቅ። የተቀመጠው ምላሽ የሚነሳው ሁለቱም በር ሲዘጋ፣ ጊዜው ካላለፈ ብቻ፤ ሲነሳም ፕሮግራሙ ለሚጠቀምበት ሰው በግልጽ ይንገረው።

የተቆረጠውን ምላሽ ራሱን ፈተና አደረገችው። ፕሮግራሙን በእሱ ደጋግማ መታችው። አልወደቀም። ከዚያ ባዶ ምላሽ ሰጠችው፤ በምላሽ ፈንታ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል የድረ ገጽ ጽሑፍ ሰጠችው፤ የሌላ ሰርተፍኬት ምላሽ ሰጠችው። ሁሉንም አንድ በአንድ «አይነበብም» ወይም «የጠየቅኩት ይህን አይደለም» እያለ መለሰላት። አለቃ አጠገቧ ቆሞ ልክ ግብ እንደሚቆጥር ሰው እጁን ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በእውነተኛዎቹ ፋይሎች ላይ ሞከሩት። የላቦራቶሪው የደም ዓይነት ክፍል፤ መጀመሪያው አድራሻ አይነበብም፣ ሁለተኛው አድራሻ «ይሠራል»፤ ገባ። የበሽታ ምርመራ ክፍል፤ «ይሠራል»፤ ገባ። ፋይሎቹ እርስ በርስ እየተከታተሉ ሲገቡ አለቃ ስልኩን ለማንሳት እጁን ዘርግቶ ነበር።

የመጨረሻው ፋይል ላይ ፕሮግራሙ ቆመ። ከተማ ለከተማ እየዞረ ደም የሚሰበስበውና ውጤቱንም የሚልከው የላቦራቶሪው መኪና ላይ ካለው ኮምፒውተር የተላከ ነው። ማያው ላይ «ተሽሯል» ይላል።

«ምን አበላሸሁ?» አለች ወይዘሪት ቆይ ለራሷ። መጀመሪያ የመጣላት የገዛ ስህተቷ ነው። ምላሹን ዘረጋችው። ርዝመቱ ሙሉ ነው። ፊርማው ትክክል ነው። ቀኑ የዛሬ ነው። ምንም አላበላሸችም።

ወደ ላቦራቶሪው ኃላፊ ደወሉ። ኃላፊዋ ድምፃቸው እንደ አስተማሪ የሆነ ሴትዮ ናቸው።

«የመኪናው ኮምፒውተር?» አሉ። «እሱማ ተሰርቋል። ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ወርዶ መስታወቱን ሰብረው ወሰዱት። በዚያኑ ዕለት አመልክተን ሰርተፍኬቱን አስሽረነዋል። ምነው?»

«ዛሬ ጠዋት ውጤት ልኳል።»

«ልኳል?» አሉ ኃላፊዋ። «ክፈቱትና ምን እንደያዘ ንገሩኝ።»

ፋይሉን ሌላ ነገር እንዳይነካ ለብቻው አድርገው ከፈቱት። ውስጡ ያለው የተንኮል ሥራ አልነበረም። ያለፈው የደም ልገሳ ዘመቻ ውጤቶች ናቸው፤ በጊዜው ኢንተርኔት ጠፍቶ ሳይላኩ የቀሩ፣ በኋላ በሌላ መንገድ የተላኩ። በኋላ እንደታወቀው፣ ኮምፒውተሩን ከሌባው የገዛው ሰው ሲከፍተውና ኢንተርኔት ሲያገናኘው፣ ውስጡ የነበረው ፕሮግራም የጀመረውን ሥራ ለመጨረስ ተነስቶ ሁሉንም ላካቸው። ነገሩ የሚያስቅ ይመስል ነበር፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ግን አልሳቁም።

«የመኪናው ከረጢቶች ቁጥር በየዘመቻው ከአንድ ነው የሚጀምረው» አሉ ቀስ ብለው። «የዚያን ዘመቻ ቁጥር የያዙ ሌሎች ከረጢቶች አሁን በየሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሉ።»

ወይዘሪት ቆይ ስልኩን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለእህቷ ደወለች። ቶሎ አልተነሳም። ሲነሳ ድምፁ የደከመ ነበር።

«እትዬ፣ ያቺ እናት…?»

«ደህና ናት» አለች እህቷ። «ያልሽኝን አደረግኩ። እየተሳደብኩ ነው ያደረግኩት፣ ግን አደረግኩ። አነበቡልኝ፣ አነበብኩላቸው፣ አንዷ ነርስ ቆማ ሰማች። ደሙ ደርሶላታል። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ጩኸቷ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

ወይዘሪት ቆይ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ስለ ተሰረቀው ኮምፒውተር ነግራት በፋይሉ ላይ ያሉትን የከረጢት ቁጥሮች አነበበችላት። እህቷ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት፣ ከረጢቶቹን ስታገላብጥ፣ በከንፈሯ ስትቆጥር ይሰማል።

«ሦስቱ እኔ ጋ አሉ» አለች። «ፋይሉ ምን ይላቸዋል?»

«ከበሽታ ነፃ።»

«አንዷን…» እህቷ ቆም አለች። «አንዷን ላቦራቶሪው ጠዋት በስልክ ‹አስወግጃት› ብሎኛል። የለገሰው ሰው ደም ውስጥ የጉበት በሽታ ቫይረስ ተገኝቷል። እስካሁን ለብቻዋ አስቀምጫት ነበር። ሚጣ፣ መለያዋ ላይ የተጻፈው የደም ዓይነት እኮ የዚያች እናት ነው።»

ከስልኩ ማዶ የሕፃን ለቅሶ በእርግጥ ይሰማ ነበር።

ወደ ቢሮው ስትመለስ የሰርተፍኬት ሰጪው ሰውዬ ሦስቴ ደውሏል። አሁን አያላምጥም።

«ይቅርታ እህቴ፣ ልክ ነሽ» አላት። «ትናንት ሰርቨሩ ፊት አዲስ መሣሪያ ተክለን ነበር፤ ከተወሰነ መጠን ያለፈውን ምላሽ ሁሉ ጅራቱን እየቆረጠ ይልካል። እኛ የምናየው መሣሪያው በሕይወት መኖሩን እንጂ ምን እንደሚናገር አልነበረም። ያው ስለተናገረ ብቻ አረንጓዴ ነበር። አሁን ነቅለነዋል። ሌላም ልነግርሽ የምፈልገው አለ፤ ባለፉት ዓመታት የተበላሹብን ምላሾች ሁሉ ተቀምጠውልኛል። ለፈተና ይጠቅሙሽ እንደሆነ ልልክልሽ?»

«ይጠቅሙኝ እንደሆነ?» አለች። «ወንድሜ፣ ከዚህ የተሻለ ስጦታ ማን ሰጥቶኝ ያውቃል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው በቢሮው ውስጥ «አቶ አረንጓዴ» ተባለ፤ ሲነገረውም ሳቀ እንጂ አልተቀየመም።

አዲሱ ፕሮግራም ከምሳ በኋላ ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ተላከ። «ሳትጠይቅ ተቀበል» የሚለው አማራጭ ከውስጡ ወጥቷል፤ ያወጣው አለቃ ራሱ ነው።

ፀሐይዋ ወደምታቃጥለው መስኮት ስትዞር በሩ ተንኳኳ። እህቷ ናት። ከነነጭ ጋውኗ፣ ላዩ ላይ ኮት ደርባ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን ወጥታ ቁና ቁና እየተነፈሰች። ወይዘሪት ቆይ እዚህ መሥራት ከጀመረች ወዲህ እህቷ ቢሮዋን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምትውይው?» አለች፣ ገመድ የተተረማመሰበትን ወለል እየቃኘች። «እኔ እኮ ቁልፍ ስትነካኪ የምትውይ ነበር የሚመስለኝ።»

«ቁልፍ ነው የምነካካው።»

«ዝም በይ።» እህቷ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሌላ የምትለው የነበራት ይመስላል፤ ግን በምትኩ የታናሿን እጅ ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ገና አልለቀቃትም። «ጠዋት ስልኩን ስዘጋብሽ አንቺ ሳትሆኚ ያቺ እናት ነበረች ፊቴ ላይ ያለችው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ታውቂያለሽ፣ ግን ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ማያው ዞረች። «አሁን ያንን ‹ስህተት› የሚለውን ቃል አሳዪኝ። እሱን ሳላስወግድ አልሄድም።»

ወይዘሪት ቆይ አሳየቻት። አዲሶቹ መልእክቶች ከቀድሞዎቹ የተሻሉ ነበሩ፤ እህቷ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ አብጠለጠለቻቸው።

«‹የሁኔታ ምላሽ አልተረጋገጠም።› ይኼ ለማን ነው? እኔ ጓንት አድርጌ፣ ሰው እየጮኸብኝ ነው የማነበው። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ምን ሆነ? ደሙን ላውጣ ወይስ አላውጣ? ለማን ልደውል? እኛ ጋ ጽሑፉ የጠፋ ብልቃጥ ሲመጣ ‹ስህተት› ብለን አንተወውም፤ ‹አይነበብም፣ አትጠቀሙ፣ እንደገና ይቀዳ› ብለን እንለጥፍበታለን።»

«በይ አንቺ ጻፊው።»

«እኔ?»

«ሰሌዳው ያውልሽ።»

እህቷ በሁለት ጣቷ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገች ጻፈች። አለቃም መጣ፣ ቆሞ አየ፣ አንድ ቃል አረመ፣ እህቷም የእሱን እርማት መልሳ አረመች። ሲጨርሱ ማያው ላይ እንዲህ ይል ነበር፤ «የላኪው ሰርተፍኬት ዛሬ መሥራቱን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ የመጣው ምላሽ ተቆርጧል። ይህን ውጤት አትጠቀሙ። አጣዳፊ ከሆነ በምታውቁት ስልክ ላቦራቶሪው ጋ ደውላችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ አረጋግጡ።» ለተሻረው ደግሞ ጠንከር ያለ ሌላ ጻፈች።

«ረዝሟል» አለ አለቃ።

«ይርዘም» አሉ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ድምፅ።

የተሰረቀው ኮምፒውተር ወደ ላቦራቶሪው የተመለሰው በሳምንቱ ነው። የገዛው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለልጁ መማሪያ ብሎ፣ የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ። ፖሊስ ሲነግረው ራሱ ተሸክሞ አመጣው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ታሪኩን ሲሰሙ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ኮምፒውተር በደንቡ አስፈርመው ሰጡት። የመኪናው ከረጢቶች ቁጥርም ከዚያ ወዲህ በየዘመቻው ከአንድ መጀመሩ ቀረ።

ወይዘሪት ቆይ የአቶ አረንጓዴን የተበላሹ ምላሾች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለች ፈተና ታደርጋቸው ጀመር። አንዳንዶቹ ያስቃሉ፤ አንዱ ከሃያ ዓመት በኋላ የተፈረመ ነኝ ይላል፣ ሌላው ስለ አንድ ሰርተፍኬት ሲጠየቅ ስለ ጎረቤቱ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ጥቂቶቹ ላይ ተሰናክሎ ነበር፤ አስተካከለችው። ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሠሩ ሌሎች ቡድኖች ስለ ጉዳዩ ሰምተው ጠየቋትና ስብስቡን አቶ አረንጓዴን አስፈቅዳ ላከችላቸው። እነሱም የራሳቸውን ብልሽት ላኩላት። ስብስቡ እያደገ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈተችና ክው አለች። ጠዋቱን ሙሉ የድርጅቱ አንደኛው ሰርቨር ባዶ ምላሽ ሲሰጥ አርፍዷል። በየሆስፒታሉ። ማንም ግን አልደወለም። ወዲያው ስልኳን አነሳች።

«እትዬ፣ ጠዋት ችግር ነበረ አይደል?»

«የቱ?»

«የመጀመሪያው አድራሻ ባዶ ሲመልስ እኮ ነው ያረፈደው! ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ምን ልበል ብዬ ነው የምደውለው?» አለች እህቷ፣ ከኋላዋ የማቀዝቀዣው በር ተከፍቶ ሲዘጋ እየተሰማ። «የመጀመሪያው ባዶ መለሰ፣ ሁለተኛው በደህና መለሰ፣ ውጤቱን ተጠቀሚ ብሎ ጻፈልኝ። አነበብኩት፣ ከረጢቶቼን አወጣሁ፣ በቃ። ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማታ ቤት ነይና እናወራለን።»

ወይዘሪት ቆይ የተዘጋውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ስትስቅ፣ አለቃ ከማዶ ቀና ብሎ ምን ተገኘ አላት።

«ምንም» አለች። «ምንም አልተገኘም!» ብላ እየተንከተከተች አዲስ ከመጡት ብልሹ ምላሾች የላይኛውን ከፈተች።